በ1903 ስለ ሴቶች መብት የጻፈው ቻይናዊ፦ ጂን ቲየንሄ ለማን ነበር የሚሟገተው?

የሱጆዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ እኛ ጋ ስሙ ብዙ ስለማይነሳ ሰው ልጻፍላችሁ። ጂን ቲየንሄ ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጂን በ1903 ሻንጋይ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሷ «የሴቶች ዓለም ደወል» ነው። ቻይና ውስጥ ስለ ሴቶች መብት ተብለው ከተጻፉ መጻሕፍት ቀዳሚዋ ተደርጋ ትቆጠራለች። ያኔ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ነበር። የተወለደው ቶንግሊ ውስጥ ነው፤ ሱጆ አጠገብ ያለች፣ በየመንገዱ ቦይ የሚያልፍባት ከተማ። እኔ ሱጆ ስማር ነው ስሙን የሰማሁት፣ ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ጊዜውን አስቡት። ቻይና በ1895 በጃፓን ተሸንፋለች። በ1898 የተጀመረው የለውጥ ሙከራ በመቶ ቀን ውስጥ ከሽፏል። በ1900 የስምንት አገሮች ጦር ቤጂንግ ገብቷል። የተማረው ሁሉ «አገራችን ልትጠፋ ነው» ብሎ ተጨንቋል። በዚህ መሀል በየቤቱ የሴት ልጆች እግር ይታሰራል። ልጅቷ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆናት ከአውራ ጣቷ በቀር ሌሎቹ የእግር ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው በጨርቅ ይጠፈራሉ። አጥንቱ እየተጣመመ፣ ቁስሉ እያመረቀዘ፣ እግሯ እንዳያድግ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ይህን የምታደርገው የገዛ እናቷ ናት። ያለዚያ ባል አታገኝም ተብሎ ይታመናላ።

ጂን ሴቶችን የሚጎዱ አራት ነገሮች አሉ ይላል። እግር ማሰር፣ በጌጥ ተጠምዶ መዋል፣ አጉል እምነት፣ ቤት ተዘግቶ መኖር። ከዚያ ሴቶች ይገቧቸዋል የሚላቸውን መብቶች ይዘረዝራል። ትምህርት ቤት መግባት። ጓደኛ መያዝ። መነገድ። የራስ ንብረት ማፍራት። እንደ ልብ መውጣትና መግባት። የሚያገቡትን በራስ ፈቃድ መምረጥ። በዚህም አላበቃም። ሴቶች በፖለቲካ ይሳተፉ የሚል ሙሉ ምዕራፍ አለው። 18ኛውና 19ኛው ክፍለ ዘመን በነገሥታት ሥልጣን ላይ የተነሳ አብዮት ዘመን ነበር፣ 20ኛው ግን የሴቶች መብት አብዮት ዘመን ነው ብሎ ጽፏል። ያኔ የእንግሊዝ ሴቶች እንኳ ለፓርላማ አይመርጡም ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ሴቶች ድምፅ የሚሰጡት ኒው ዚላንድና አውስትራሊያ ብቻ ነበር፤ አውስትራሊያም ቢሆን ጥቁር ነባር ሕዝቦቿን አግልላ።

እኔ ይህን ሰው በጣም ነው የማከብረው። እናንተስ?

አሻግሬ፦
ስለ ጻፍሽው አመሰግናለሁ። ከሱ በፊት ግን የ1898ቱን የለውጥ ሙከራ የመሩት እነ ካንግ ዮዌይና ሊያንግ ቺቻኦ ይህን ነገር አላነሱትም እንዴ? ካንግ የሴት ልጆቹን እግር አላስርም ብሎ ዘመዶቹን እንዳስቆጣ አንብቤያለሁ። በ1898 እግር ማሰር ይከልከል ብሎ ለንጉሡ አቤቱታ ያስገባውም እሱ ነው። ሊያንግ ደግሞ በ1897 ሻንጋይ ውስጥ እግር ማሰርን የሚቃወም ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው።

የሱጆዋ፦
ልክ ነህ፣ ቀድመውታል። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ እነሱ ስለ ሴቶች የጻፉት ስለ ሌላ ነገር እየጻፉ ነው። ሊያንግ ስለ ሴቶች ትምህርት የጻፈው ስለ አገር ለውጥ ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ውስጥ ነው። ጂን ግን መጽሐፉን በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠው። መብት የሚለውን ነገር መሀል ላይ አስቀመጠ። «ይማሩ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ንብረት ይያዙ፣ ባላቸውን ይምረጡ፣ መንግሥት ውስጥ ይግቡ» ማለት ሌላ ነው።

ብርቱካን፦
እህቴ፣ መጽሐፉ እንዴት እንደሚጀምር ግን አልነገርሽንም። እኔ ትርጉሙን አንብቤዋለሁ፣ መግቢያው እስካሁን ይከነክነኛል።

ጂን በክረምቱ ዝናብ ወቅት፣ እርጥበትና ሙቀት ባፈነው አገር ተቀምጦ አንድ ነጭ አውሮፓዊ ወጣት ያልማል። ወጣቱ ሲጋራ በአፉ፣ ከዘራ በእጁ፣ ሚስቱና ልጁ ከጎኑ፣ ቀና ብሎ በለንደን፣ በፓሪስና በዋሽንግተን ጎዳናዎች ይንሸራሸራል። ጂን ይህን ሰው ይቀናበታል። እንደሱ ደስተኛና ነፃ ሆኜ በኖርኩ ይላል።

ልብ በሉ። የሚቀናው በሴቲቱ አይደለም፣ በወንዱ ነው። ሚስትየዋ ከሲጋራውና ከከዘራው ጋር ተሰልፋ ነው የቆመችው። እንዲህ ብሎ የተነሳ መጽሐፍ ሴቶች ነፃ ይውጡ ሲል ለማን ብሎ ነው? ለኔ መልሱ ግልጽ ነው። የተዋረደው ቻይናዊ ወንድ እንደ አውሮፓዊው ቀና ብሎ እንዲሄድ፣ ከጎኑ የተማረችና እግሯ ያልታሰረ ሚስት ታስፈልገዋለች።

በዚያ ላይ «ሴቶች የዜጎች እናት ናቸው» የሚለው አለ። በ1904 ዲንግ ቹዎ ያቋቋመው «የሴቶች ዓለም» መጽሔት ሲጀመር የመክፈቻውን ጽሑፍ የጻፈው ጂን ነው። አዲስ ቻይና ከፈለግን መጀመሪያ አዲስ ሴቶች ያስፈልጉናል አለ። ሴቲቱ ለራሷ ሳይሆን ለምትወልደው ዜጋ ስትል ትማር ማለት ነው። ዜጋ ካልወለደችስ?

የሱጆዋ፦
ብርቱካንዬ፣ መግቢያውን አውቀዋለሁ፣ ክርክርሽም ክብደት አለው። ግን ሰውየው ለማን ነው የሚናገረው? አንባቢዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ገንዘቡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም በእጃቸው ነው። «አገርህ እንድትድን ከፈለግህ ልጅህን አስተምር» ካልካቸው ይሰሙሃል። «ልጅህ ሰው ስለሆነች አስተምር» ብትላቸው ማን ይሰማህ ነበር? ደግሞ ከዜጎች እናትነት አልፎ ስለ ፖለቲካ ሥልጣን መጻፉን አትርሺ። ለእናትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ምዕራፍ ባላስፈለገው።

ጋሽ_መምህሩ፦
ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ክርክራችሁ ደስ ብሎኛል። መጽሐፉ የወጣበትን ክረምት ልጨምርላችሁ።

ጂን በ1903 ሻንጋይ የሄደው እነ ጻይ ዩዌንፔይ ወዳቋቋሙት የአርበኞች ትምህርት ማኅበር ነው። እዚያ ዞው ሮንግ ከሚባለው ዕድሜው ሃያ እንኳ ካልሞላ ልጅ ጋር ተዋወቀ። ልጁ «አብዮታዊ ጦር» የምትል፣ አገሪቱን የሚገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ይወገድ የምትል ጽሑፍ ነበረችው። ለማሳተሚያ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ጂን ነው። በሰኔ መጨረሻ «ሱባኦ» የተባለው ጋዜጣ ላይ እርምጃ ተወሰደ። ጸሐፊው ዣንግ ታይየንና ዞው ሮንግ ታሰሩ፣ ማኅበሩ ተበተነ። ልጁ በ1905 እዚያው እስር ቤት ሞተ። የጂን መጽሐፍ የወጣችው ይህ ሁሉ በሆነበት ክረምት ነው። ስለዚህ የተመቸው ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የጻፋት ነገር አይደለችም።

ሌላም ልበል። ጂን ወደ ቶንግሊ ተመልሶ በ1904 ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። የቺንግ መንግሥት ለሴቶች ትምህርት ቤት ደንብ ያወጣው በ1907 ነው። ሰውየው የጻፈውን በእጁ ሠርቶታል። ይህን ካልቆጠርንለት አድልዎ ይሆናል።

የሸማኔው_ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ሁሌም ነው የማነበው። እኔ ግን ከላይ ስሙ ወደተነሳው ወደ ሊያንግ ቺቻኦ ልመለስ፣ እዚያ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ።

ሊያንግ በ1897 ጽሑፉ የቻይና ሁለት መቶ ሚሊዮን ሴቶች ይበላሉ እንጂ አያመርቱም አለ። አገሪቱ የደኸየችው ግማሹ ሕዝብ በሌላው ግማሽ ጫንቃ ላይ ስለሚኖር ነው አለ። የሴቶች ትምህርት አስፈላጊነት በዚህ ስሌት ላይ ቆመ። እነ ጂንም ከዚሁ አስተሳሰብ አልራቁም።

አሁን ካርታ አውጡና እዩ። የጂን አውራጃ ዉጂያንግ ይባላል። ሼንግዜ የምትባለው የሐር ከተማ እዚያው ናት። ቻይና ለዓለም የምትሸጠው ሐር ከየት ነው የሚመጣው? ትሉን የምትቀልበው ማን ናት? ሌሊት ተነስታ የእንጆሪ (ሞልበሪ) ቅጠል የምትሰጠው፣ ክሩን ከፈላ ውሃ እያወጣች የምታጠነጥነው? እግሯ የታሰረው ልጅም ቁጭ ብላ ስትፈትል ነበር የምትውለው። ሊያንግ ይህን ሥራ ሥራ ብሎ አልቆጠረውም። እኔ ያደግሁት እናቴ ስትፈትል፣ አባቴ ሲሸምን እያየሁ ነው። ሸማኔ የሚባለው ግን አባቴ ብቻ ነበር። ስለዚህ ይህ ነገር ገና ሳነበው ነው የገባኝ።

ብርቱካን፦
የሸማኔው ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ አጥርቶ ያስቀመጠው አላየሁም።

አሁን ሄ-ዪን ዠንን ላምጣ፤ ያለሷ ይህ ውይይት ጎዶሎ ነው። እሷም የጂያንግሱ ሰው ናት፣ ከዪዠንግ። በ1904 ሊዩ ሺፔይ የሚባል ስመ ጥር ምሁር አገባች። በ1907 ቶኪዮ ሄዱ። እዚያ «ቲየንዪ» የሚባል መጽሔት አወጣች። ስሟን ስትጽፍ የአባቷንና የእናቷን የቤተሰብ ስም አንድ ላይ ታደርጋለች። ሄ የአባቷ፣ ዪን የእናቷ። የሰው ልጅ በአባቱ ስም ብቻ ለምን ይጠራል ብላ።

ስለ ሴቶች ነፃነት በጻፈችው ላይ ወንዶቹ ለምን ድንገት ለሴቶች ተቆርቋሪ ሆኑ ብላ ትጠይቃለች። ሦስት ምክንያት ትሰጣለች። አንደኛ፣ ኃያላኑ አገሮች ሴቶቻቸውን ትንሽ ለቀቅ ሲያደርጉ አይተዋል። የሚስታቸውን እግር ፈተው ትምህርት ቤት ቢልኳት እነሱም ሥልጡን ሊባሉ ነው። ሁለተኛ፣ ኑሮ ከብዷቸዋል። ሚስትን እቤት አስቀምጦ መቀለብ አቅቷቸዋል፣ ስለዚህ ራሷን ትቻል አሉ። ሦስተኛ፣ ቤቱን በደንብ የምታስተዳድር፣ ልጆቹን የምታስተምር ሴት ፈለጉ። ሦስቱም ለወንዱ ጥቅም ናቸው። ሴቶች ድሮ ተዘግተው ሲኖሩ ለወንድ ነበር፣ አሁንም ሲፈቱ ለወንድ ነው ትላለች።

የጂንን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ይህን ማንበብ ነው። የዚያ አውሮፓዊ ወጣት ሲጋራና ከዘራ ወዲያው ትዝ ይላል።

ምርጫ ላይም ቢሆን ተስፋዋን አልጣለችም። ጥቂት የሀብታም ቤት ሴቶች ምክር ቤት ቢገቡ የድሃዋ ሴት ጌታ በዛ እንጂ ምን ተቀየረ ትላለች። መፍትሔዋ ንብረት የጋራ ይሁን፣ መንግሥት የሚባለውም ይቅር የሚል ነው። አናርኪስት ነበረች። «ቲየንዪ» በ1908 የኮሚኒስት ማኒፌስቶን ክፍሎች በቻይንኛ ማውጣቱም ይታወቃል።

ከሪያድ፦
እኔ ሁሌ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ይህችን ሴትዮ በተመለከተ ግን ልጻፍ። በሰው ቤት ነው የምሠራው። ብርቱካን፣ ስለ ቤት ሠራተኞች የጻፈችው አለ?

ብርቱካን፦
አለ የኔ እህት። «ስለ ሴቶች ሥራ» በሚለው ጽሑፏ ስለ ገረዶች፣ ስለ ፋብሪካ ሴቶችና ገላቸውን ስለሚሸጡት አንድ ላይ ትጽፋለች። ለሷ የሁሉም ምንጭ አንድ ነው። ያለው የሌለውን ጉልበት ይገዛል። የእመቤትየዋ እጅ ሥራ የማይነካው የገረዲቱ እጅ ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ሴቶች ደሞዝ ማግኘታቸው ብቻ ነፃነት ነው የሚለውን አትቀበልም።

ከሪያድ፦
ይህ እውነት ነው። እዚህ ያለሁበት ቤት እመቤቲቱ የተማረች ናት፣ ቢሮ ትሠራለች። ቢሮ የምትሄደው እኔ ልጆቿን ስለያዝኩላት ነው። እኔ የራሴን ልጅ ለእናቴ ትቼ መጥቻለሁ። ደሞዜ ቤተሰቤን ይዟል፣ አላማርርም። ግን የሴቶች መብት ሲባል የማን መብት እንደሆነ አስባለሁ። ያቺ ሴትዮ ያኔ አስባዋለች ማለት ነው። ጽሑፉን በአማርኛ የሚያስነብበን ካለ ደስ ይለኛል።

አሻግሬ፦
እህታችን፣ እንኳን ጻፍሽ።

እኔ ደግሞ ስለ እነዚህ ወንዶች ሕይወት ሳነብ ያገኘሁትን ላክል። ሊያንግ ከለውጥ ጓዱ ከታን ሲቶንግ ጋር ሆኖ «አንድ ባል ለአንድ ሚስት» የሚል ማኅበር ጀምሮ ነበር። በ1900 ሆኖሉሉ ሳለ ሄ ኽዌይዠን የምትባል የተማረች ወጣት ወዳው ነበር፣ በዚህ መርሁ ምክንያት እምቢ አለ። በ1903 ግን የሚስቱን ገረድ ዋንግ ግዊችዋንን ሁለተኛ አድርጎ አስገባ። የተማረችዋን በመርህ መለሰ፣ ገረዲቱን ያዘ። ስሟም ለብዙ ዘመን ከታሪኩ ውስጥ አልተነሳም።

የ«ሱባኦ» ባለቤት ቸን ፋንስ? ለአብዮት ጋዜጣውን የሰጠ ሰው ነው። ልጁ ቸን ሺየፈን ገና በልጅነቷ ሻንጋይ ውስጥ የሴቶች መጽሔት ታወጣ ነበር። ሴቶች የወንዶችን ድጋፍ ሳይጠብቁ በራሳቸው ይቁሙ ብላ የጻፈች ልጅ ናት። ጃፓን ከተሰደዱ በኋላ አባትየው ለሀብታም ነጋዴ ቁባት አድርጎ ሊሰጣት ነበር። አብዮተኛዋና የሴቶች መብት ታጋይዋ ቺዩ ጂን ናት ጣልቃ ገብታ ያስቀረችው።

ሌላም አለ። «የሴቶች ዓለም» መጽሔት ላይ በሴት ስም ከወጡት ጽሑፎች የወንዶች የሆኑ አሉ። የጂን ተማሪ የነበረው ሊዩ ያዚ በሴት ስም ጽፏል። የታዋቂው ደራሲ የሉ ሹን ወንድም ዞው ዞረንም እንዲሁ። ለበጎ ብለው ነው። ግን አንባቢ የሴት ድምፅ የሰማ መስሎት የወንድ ድምፅ ይሰማል።

ጋሽ_መምህሩ፦
አሻግሬ ያመጣው ከባድ ነው። እኔ ግን ሰውን በቤቱ ብቻ አልመዝነውም። የጻፈው ነገር ከሱ አልፎ ይሄዳል። ሄ-ዪን ዠን ራሷ ማን መንገድ ከፍቶላት ነው ቶኪዮ መጽሔት ያወጣችው? ስለ ሴቶች መብት በአደባባይ መነጋገር የተለመደው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው። ከከፈቱት አንዱ ጂን ነው።

ስለ ሄ-ዪን ሳነሳ ግን አዝናለሁ። ባሏ ሊዩ ሺፔይ ጓዶቹን ትቶ ለቺንግ ባለሥልጣን ለዱዋንፋንግ አደረ። በ1919 ሞተ። የሱ ክህደት የሷንም ስም ይዞት ወረደ። ብዙዎች ጽሑፏን አላነሱም፣ ያነሱትም የባሏ ነው አሉ። እንዲህ ያለች አሳቢ ለአሥርተ ዓመታት መዘንጋቷ ትልቅ በደል ነው።

የሸማኔው_ልጅ፦
ጋሼ፣ የእኛዎቹ የዚያ ዘመን ምሁራን እነዚህን ቻይናውያን ያውቋቸው ነበር?

ጋሽ_መምህሩ፦
ይተዋወቁ ነበር ለማለት ማስረጃ አላየሁም ልጄ። የሚጋሩት ነገር ግን አለ፤ ሁለቱም ጃፓንን ነበር የሚያዩት። እነ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን መንገድ ሲያነሱ ቻይናውያኑ ቶኪዮ ሄደው ይማሩ ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 ነው። ይህ ግን ለብቻው ሌላ ውይይት ይከፈትለት፣ እዚህ ከቻይናዎቹ አንውጣ።

የሱጆዋ፦
ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ። ብርቱካን፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ለኔ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ያለው ጂን በጻፈው ውስጥ ብቻ አይደለም። ከፊቱ ያለው መቅድም ላይም ነው።

መቅድም ከጻፉት አንዷ ሊን ዞንግሱ ናት፣ የፉጂያን ሴት። ጂንን ታመሰግነዋለች። ስለ ነፃነትና መብት በጻፈው ፈረንሳይኛ ጸሐፊ በሩሶ መስላ፣ የቻይና ሴቶች ዓለም ሩሶ ነው ትለዋለች። ግን እዚያው፣ ያው መጽሐፍ ውስጥ፣ መብት ተነጥቆ የሚወሰድ እንጂ በችሮታ የሚሰጥ አይደለም አለች። ወንዶች ሰጥተውን ከሆነ ነገም ሊወስዱት ይችላሉ የሚል ሐሳብ ነው። ይህን የጻፈችው ሄ-ዪን ዠን ቶኪዮ ከመድረሷ አራት ዓመት በፊት ነው። ጂንም ይህን ከመጽሐፉ ፊት አድርጎ አሳተመው። ስለዚህ እኔ ጂንን የማነበው ከነሊን ነው። እሱን ብቻ አንብቦ ማድነቅም፣ እሱን ብቻ አንብቦ መንቀፍም ሴቲቱን ይዘላታል።

ብርቱካን፦
ይህን መቅድም አላየሁትም ነበር፣ እኔ ጋ ባለው ትርጉም የለም። ሊን በኋላ ምን ሆነች?

የሱጆዋ፦
ሥርወ መንግሥቱ ወድቆ ሪፐብሊክ ሲታወጅ፣ በጥር 1912 ናንጂንግ ሄዳ ጊዜያዊውን ፕሬዚዳንት ሱን ያትሴንን አነጋገረች። ለሴቶች የመምረጥ መብት እንደሚሰጥ በቃሉ ነገራት። እሷ ወዲያው በጋዜጣ አወጣችው። ሹማምንቱ ተቆጡ፣ ዣንግ ታይየንም ተቃወመ፣ ሱን የግል ጨዋታ ነበር ብሎ አፈገፈገ። በመጋቢት የወጣው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ዜጎች በዘር፣ በመደብና በሃይማኖት ሳይለዩ እኩል ናቸው አለ። ጾታን አላነሳም።

በዚያው ወር ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉት እነ ታንግ ቹንዪንግ የናንጂንግ ምክር ቤት ገብተው መስኮት ሰበሩ። በነሐሴ ቤጂንግ ላይ ጉዎሚንዳንግ የተባለው አዲሱ ፓርቲ ሲመሠረት የወንድና የሴት እኩልነት ከፕሮግራሙ ወጣ። ታንግ መድረክ ላይ ወጥታ ከፓርቲው መሪዎች አንዱን፣ ሶንግ ጂያኦረንን፣ በጥፊ መታችው። አብረው የታገሉ ሰዎች ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ወንዶቹ ሁሉ «የዜጎች እናት» እያሉ ሲጽፉ ነበር። ድል ሲገኝ እናቶቹን ዜጋ ማድረግ አልፈለጉም።

ብርቱካን፦
ጥፊውን አላውቅም ነበር። ክርክሬን የሚደግፍ ነገር አንቺው አመጣሽልኝ።

ከሪያድ፦
የታንግን ታሪክ ሙሉውን ጻፊልን እባክሽ። ዓርብ እረፍቴ ነው፣ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

የሱጆዋ፦
እሺ የኔ እህት። ከዓርብ በፊት የሊንን መቅድም በአማርኛ እዚሁ አወጣለሁ፣ የታንግ ይቀጥላል። ብርቱካን፣ አንቺ የሄ-ዪንን «ስለ ሴቶች ሥራ» ትጀምሪልናለሽ?

ብርቱካን፦
እጀምራለሁ። መጀመሪያ ስለ ገረዶች የሚለውን ክፍል።